አምስቱን ቁጥር ላኪልኝ

አምስቱን ቁጥር ብቻ ላኪልኝ ይላል፣ አባንግ እህቴ እኔ ነኝ ኦኬሎ፣ ስልኬ ውሃ ገብቶበት ነው፣ አካውንቴን ለማስመለስ ኮድ አንቺ ጋ ይመጣል፣ እና መጣ፣ ይኸው፣ ከራሱ ከቴሌግራም፣ ከሥሩ ለማንም አትስጪ የሚል። ለማንም። ወንድም ማንም ነው? ሰባት ዓመት የጠፋ ወንድም።

የቢሮው ቬንትሌተር ሙቀቱን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ይገፋል እንጂ አያበርድም፣ ይሄን ነገር እኮ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት ለገበያ ሴቶች፣ እናቶቼ ልጃችሁ ነኝ ቢላችሁ እንኳ ኮድ አትስጡ፣ መጀመሪያ ደውሉ፣ ድምፁን ስሙ፣ ብዬ፣ በአማርኛም በቋንቋችንም። በማስተዳድረው የቴሌግራም ግሩፕ ሁለት ሺህ ሰው አለ፣ ዘመድ የጠፋባቸው፣ ከፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ፣ ድንበር ላይ ካለችው ማታር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከባላቸው ተደብቀው ስልክ ቁጥራቸውን ለእኔ ብቻ የሰጡ ሴቶች አሉ፣ የእኔን አካውንት የያዘ እነሱንም ያዘ። አውቃለሁ። ግን ፎቶው የኦኬሎ ነው።

እሺ ደውዪ፣ አልኩ ለራሴ። ደወልኩ፣ አይነሳም። ኔትወርክ የለም በጽሑፍ አውሪኝ፣ ፍጠኚ እህቴ ጊዜው ያልፋል፣ ይላል። እናታችን ስትቆጣህ ምን ብላ ነው የምትጠራህ? ብዬ ጻፍኩ። አታምኚኝም እንዴ፣ ለቀልድ ጊዜ የለኝም፣ ይላል። ኦኬሎ እናቱን ቀልድ አይልም፣ አንተ አይደለህም።

ምነው አባንግ፣ አመመሽ? ጋሽ በሪሁን ነው፣ ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው፣ የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚያየው፣ ከጎንደር መጥቶ እዚሁ የሸበተ። ስልኩን አዞርኩለት። ሌባ ነው፣ ይላል፣ ቆይ ብሎክ ሳታደርጊ ስክሪንሹት ያዢ፣ ከዚያ ሪፖርት፣ ሴቲንግ ውስጥ ግቢና በሌላ ስልክ የገባ ካለ እዪ፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አለሽ አይደል? አለኝ ጋሼ። ምንድን ነው? ማለቴ ቃሉን አትንገሪኝ፣ የሚገመት ነው ወይ? የኦኬሎ ስምና የሄደበት ዓመት ነው። በይ አሁኑኑ ቀይሪው፣ ሰውዬው ስሙን ያውቃል።

ያውቃል፣ ከእኔው ማስታወቂያ ነዋ ያገኘው፣ ወንድሜን ያያችሁ ብዬ ከነስሜ የለጠፍኩት። ቀየርኩት። በገባሁ ቁጥር ስሙን እጽፍ ነበር፣ ሌላ የምጠራበት ቦታ አልነበረኝም፣ አሁን ትርጉም የሌላቸው ፊደሎች ሆኑ።

ስክሪንሹቱን አሰፋሁት። ጺም። ኦኬሎ ሲሄድ ጺም አልነበረውም፣ ይሄ ሰውዬ ጺሙ ሙሉ ነው፣ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ልጅ ተቀምጣለች፣ እኔ ይሄን ፎቶ አላውቀውም፣ ማስታወቂያው ላይ የለጠፍኩት የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ጋሼ። ጋሼ፣ ሌባው ይሄን ከየት አመጣው?

ከኋላው የቤተክርስቲያን ታፔላ አለ፣ ጁባ ይላል፣ የቤተክርስቲያኑን ስም አስገብተን ፈለግን፣ የፌስቡክ ገጽ አለው፣ ለሁሉም ክፍት፣ የመዘምራን ቀን፣ ፎቶው፣ ከሥሩ የኦኬሎ ስም፣ እኔ በአማርኛ ስፈልግ የኖርኩት በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ፣ ዘንድሮ የተለጠፈ። በሕይወት አለ። አለ!

ካለ ለምን አልደወለም? ሲም ካርዴን ሰባት ዓመት አልቀየርኩም፣ ላንተ ብዬ። አውቃለሁ ለምን። ያኔ ከተማው በግርግር ሲታመስ ፌስቡክ ላይ የበጥባጮቹን ስም ጠርቶ ጻፈ፣ በማግስቱ ቆርቆሯችን ላይ ድንጋይ ዘነበ፣ እናታችን አልጋ ሥር ገባች፣ እኔ ስልኩን ነጥቄ ጽሑፉን አጠፋሁ፣ በአንተ ጣት እናታችን ትሞታለች፣ ሂድልኝ፣ አልኩት። ሄደ። በማታር ድንበሩን ተሻገረ አሉ።

ፎቶው ሥር ወንድሜ ነው ብዬ ልጽፍ እጄ ሄደ፣ ነገ ሌላ ሌባ ያነበዋል፣ እሱም ላይፈልገኝ ይችላል፣ ሰውን ሳያስፈቅዱ አያጋልጡም፣ ይሄንንም አስተምራለሁ። ለገጹ በውስጥ መስመር ጻፍኩ። ስልኩን አልጠይቃችሁም፣ የእኔን ስጡት፣ ያው የድሮው ነው በሉት፣ አባንግ ተሳስቼ ነበር ትላለች በሉት፣ መደወል ካልፈለገ ደህና መሆኑን ብቻ ንገሩኝ። ከምሳ በኋላ መልስ መጣ፣ እሑድ አገኘዋለሁ፣ አደርሳለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ወደ ቤት ስሄድ ባጃጁ ውስጥ ስልኩን በሁለት እጄ ይዣለሁ፣ ለእናቴ ልንገራት ወይስ እሑድ ይለፍ፣ ባይደውልስ፣ ደግማ ብታጣውስ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሞተ ብላ አታውቅም፣ ቆየ ነው የምትለው፣ ቆየ፣ ገበያ እንደሄደ ሰው። የእሷ ልጅ ነው፣ የእኔ አይደለም የምደብቀው።

እማ እዪ፣ እላታለሁ። ደጃችን ያለው ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ስልኩን አስጠጋች፣ አራቀች፣ አላለቀሰችም፣ በአውራ ጣቷ ጉንጩን ስትነካው ፎቶው ሸሸባት፣ መለስኩላት፣ እንደገና ነካችው።

ከስቷል፣ ትላለች።

አዎ እማ።

ልጅቷስ፣ ማን ብለው ጠሯት?

አላውቅም፣ አላውቅም እማ፣ እሑድ እንጠይቀዋለን፣ ከደወለ፣ ከደወለ እንጠይቀዋለን፣