ሉዲቪን በእግሯ ያበሰችው ምልክት

ጆስሊን ልጇ ስትጫወት መቀመጥ አይሆንላትም። ሌላው ተመልካች ባርኔጣውን ደፍቶ ጥላ ሲፈልግ፣ እሷ ከሜዳው ዳር ቆማ የአጥሩን ሽቦ እንደጨበጠች ትቀራለች። ዛሬ ደግሞ ብሶባታል። ሉዲቪን ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች በኋላ እናትና ልጅ ቃል ተገባብተው ነበር፤ በዚህ ውድድር በመጀመሪያው ግጥሚያ ከተሸነፈች ቴኒስ መጫወቷን ትታ በሰፈራቸው ክለብ ሕፃናት ልታሠለጥን። ቃሉን ያስገባቻት እናትየው ናት።

ክፋት ኖሯት አይደለም። ልጇ ከከተማ ከተማ ስትንከራተት፣ በባቡር ጣቢያ ወንበር ላይ ስትተኛ፣ ስሟን ከዘመድ በቀር የሚያውቀው ሳይኖር ወጣትነቷ ሲያልቅ ማየት አንጀቷን ስለበላው ነው። ትናንት በመኪና ሲመጡ በልቧ "ምነው ተሸንፋ ባረፈች" አለች። ወዲያው ደነገጠች። እናት ለልጇ እንዲህ ትመኛለች?

"ኧረ ተቀመጪ አንቺ ሴትዮ! አጥሩን ልትነቅዪው ነው እንዴ?" አሉ እትዬ ጊሌን ከኋላዋ። ድሮ ራሳቸው ተጫዋች ነበሩ፤ ሉዲቪንን በልጅነቷ ራኬት ያስጨበጧትም እሳቸው ናቸው።

"እንዴት ልቀመጥ? ያቺ ተጋጣሚዋ እኮ አትደክምም!"

"ቪርዢኒ? ምን ትደክማለች! ልጅ ወልዳ የተመለሰች ናት። በኛ ጊዜ የወለደች ተጫዋች ተረሳች ማለት ነበር። እኛ ቀሚሳችንን ማታ በሆቴል መታጠቢያ አጥበን፣ ጠዋት እርጥቡን ለብሰን ነው የምንገባው። ማን አስገደደን? ማንም። ዝም ብለሽ እዪ።"

ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል ለእኩል ሆነው እስከ መጨረሻው ደረሱ። በመጨረሻ ሉዲቪን ቀደመች፤ አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት። ቪርዢኒ በሙሉ ኃይሏ የመታቻት ኳስ የሜዳው ጥግ ላይ አርፋ አለፈች።

"ውጪ!" አለ ዳኛው።

"እንዴት ውጪ? መስመሩን ነክታለች!" ቪርዢኒ በራኬቷ ጠቆመች።

በቀይ አፈር ላይ ኳስ ያረፈችበት ቦታ አሻራ ይቀራል። ዳኛው ከከፍተኛ ወንበሩ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ አንዱን ምልክት ተመለከተና ጣቱን ቀሰረ። ውጪ ናት። ጨዋታው አለቀ። ጆስሊን መሸነፏን ስትመኝ እንዳልነበረች፣ "አሸነፈች! ልጄ አሸነፈች!" ብላ ጮኸች። እንዲህ ደስ እንደሚላት እሷም አላወቀችም ነበር።

ሉዲቪን ግን ለመጨባበጥ ወደ መረቡ አልሄደችም። መሬቱን እያየች ቆመች። ዳኛው የጠቆመው ምልክት የቆየ ነበር። ከጎኑ ሌላ አለ፤ አዲስ ነው፣ ጫፉ ነጩን መስመር ነክቷል። ሉዲቪን አዲሱን ምልክት በራኬቷ ጫፍ ለዳኛው አሳየችና በጫማዋ አበሰችው።

ተጫዋች ምልክቱን በእግሯ ካበሰች፣ ኳሷ ገብታለች፣ ነጥቡ ያንቺ ነው ማለቷ እንደሆነ የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ዳኛው ወደ ወንበሩ ተመልሶ ነጥቡን ለቪርዢኒ ሰጠ፤ ጨዋታው ቀጠለ።

"ምን አደረገች? እትዬ፣ ምን አደረገች?"

"ሰጠቻት" አሉ ጊሌን። ለክብሯ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እጅ ንሺላት።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጆስሊን እንደ ሕልም ነው ያየችው። ሉዲቪን እያነከሰች፣ ማንም አይደርስባትም የተባለች ኳስ ላይ ትደርሳለች። ቪርዢኒም ትመልሳለች። የሚያጨበጭበው ሰው ማንን እንደሚደግፍ ጠፋው። ከመካከላቸው የታወቀ ስም ያላት የለችም፤ ሽንፈቱንም ድሉንም ነገ የሚያስታውሰው የለም። እነሱ ግን ዓለም ሁሉ እንደሚያያቸው ሆነው ይሮጣሉ።

ቪርዢኒ አሸነፈች። መረቡ ላይ ሉዲቪንን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም።

ሉዲቪን ካልሲዋ በአፈር ቀልቶ፣ ቦርሳዋን እየጎተተች ወጣች። "እሺ እማ፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። ለክለቡ ደውዪላቸው።"

"አንቺ ሞኝ! ዳኛው እኮ ውጪ ብሎልሽ ነበር!"

"ገብታ ነበራ።"

"ማን አየብሽ?"

"እኔ አየኋታ፣ እማ።"

ጆስሊን ይቺን ልጅ በሆዷ ተሸክማታለች፣ አፍንጫዋን ጠርጋላታለች፤ አሁን ግን ቀና ብላ ልታያት ፈራች። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የሚናገረው እንደሚጠፋው ሰው ሆነች።

"የሚቀጥለው ውድድር የት ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ሊሞዥ አጠገብ። ምነው?"

"እኔ እነዳለሁ። አንቺ ከኋላ ጉልበትሽን ዘርግተሽ ትተኛለሽ።"

"እማ! ያስማልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"ያሰርኩሽ እኔ፣ የፈታሁሽም እኔ። ቦርሳውን አምጪው።"

"እዚያም ብሸነፍስ?"

"ትሸነፊያለሻ" አለች ጆስሊን፤ ቦርሳውን ከእጇ ተቀብላ ወደ መኪናው ቀደመቻት።