ሰጎን ራሷን አትቀብርም

በማተሚያ ቤቱ አራሚነት የሚሠራው ሰውዬ ሌላ ሰው ሲሳሳት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም ነበር። ሥራውማ ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት በእሱ እጅ ያልፋል፣ የጎደለችውን ፊደል ይሞላል፣ የተረፈችውን ይሰርዛል፣ ከግርጌው "ይታተም" ብሎ ይፈርማል። በዚህ የሚያማው የለም። ችግሩ ከወረቀቱ ቀና ሲል ነው። ቀና ካለ ዓለም በሙሉ ያልታረመ ቅጂ ሆና ትታየዋለች፤ ስልኩን ያወጣና ማረሙን ይቀጥላል።

ኢንተርኔት ላይ የሚታወቀውም "አራሚው" በሚል ስም ነው። የሌሊት ወፍ ዕውር ናት ያለ ሰው ካለ አራሚው ይደርስበታል። መብረቅ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ አይወርድም ያለ፣ ጸጉር በተላጨ ቁጥር ወፍሮ ይበቅላል ያለ፣ የተዋጠ ማስቲካ ሆድ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል ያለ፣ ማንም ከእጁ አያመልጥም። አስተያየቱን ሁልጊዜ የሚጀምረው "ተሳስተዋል" በምትል ቃል ነው። ቀጥሎ ማስረጃ፣ ከማስረጃው ቀጥሎ የማስረጃው ማስረጃ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። እንደ እሱ ልክ ሆኖ እንደ እሱ የሚያንገሸግሽ ሰው ግን ገና አልተፈጠረም።

አንዴ ጎረቤቱ በጉንፋን አልጋ ላይ ውላ ሊጠይቃት ሄደ። ምስኪኗ "ጸጉሬን ታጥቤ ሳይደርቅ ወጥቼ ነው" ብላ ሳትጨርስ፣ ጉንፋን ከእርጥብ ጸጉር እንደማይመጣ ያስረዳት ጀመር። ሴትየዋ ትራሷን ፊቷ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እሱ "አሳመንኳት" ብሎ ወጣ። ቤቱ ሲገባ የኩሽናው ቧንቧ እንደ ልማዱ ያንጠባጥባል፤ ሚስቱ ከሥሩ ባልዲ እየቀየረች "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" አለችው።

"ተረቱ የሚለው ስለ ሴት ነው" አለ አራሚው። "ለእኔ ከሆነ 'የራሱ አሮበት የሰው ያማስላል' ነው የሚባለው።"

ሚስቱ ባልዲውን አነሳች፣ አሰበችበት፣ መልሳ አስቀመጠችው።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ አለችው። ልጅቱ የአባቷን ጠባይ ከነጉዱ ትወደዋለች፤ ትንሽ ሳለች የትምህርት ቤት መጽሐፏን ተቀብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሲያሰምርበት ከጎኑ ተቀምጣ ትንከተከት ነበር። አሁን ልታገባ ነው። የሙሽራው አባት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ቃል መዝነው የሚናገሩ፣ ለሠርጉ የሚጠሯቸውም ሰዎች እንደሳቸው ቃል መዛኝ የሆኑ። የጥሪ ካርዱ ነገር ሲነሳ ልጅቱ ደረቷን ነፍታ "እሱን ለእኛ ተዉት፤ አባቴ ፊደል አያመልጠውም" አለቻቸው። ዳኛውም "እንግዲያው ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምበትነው" አሉ።

ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤቱ መጣች።

"አባዬ፣ ከአንተ ወርቅም ልብስም አልፈልግም። ይቺን ካርድ ብቻ አንተ አንብብልኝ። ስልክህን አስቀምጠህ።"

"ስልኬ ደግሞ ምን አደረገሽ?"

"እስካሁን ምንም አላደረገኝም" አለችና ሳቀች። ስትስቅ ግን ክንዱን ያዝ አድርጋ ነበር።

ካርዱ ተተይቦ በሚመጣበት ቀን ሰጎኗ ቀድማ መጣች።

የመጣችው በስልክ ነው። "ነፋስ ያመጣኝ" የሚባል ሰው የመሥሪያ ቤት አለቃውን እያማረረ፣ "ችግር ሲመጣ እንደ ሰጎን ራሱን አሸዋ ውስጥ ይቀብራል" ብሎ ጻፈ። ሰውየው ስለ ሰጎን ጉዳይ የለውም፤ ያንገበገበው አለቃው ነው። አራሚው ግን አለቃውን ዘሎ ሰጎኗን አንገቷን ያዛት። "ተሳስተዋል። ሰጎን ራሷን አትቀብርም። ብትቀብር በምን ትተነፍሳለች? መሬት ጭራ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ጎንበስ ብላ እንቁላሉን ስታገላብጥ ከሩቅ ያያት ሰው የቀበረች ይመስለዋል።"

"ሄደው አይተዋል?" አለ ነፋስ ያመጣኝ።

"እርስዎስ አይተዋል?"

"አያቴ ነግራኛለች።"

"አያትዎም ተሳስተዋል።"

አያት ከተነካች በኋላማ ጉድ ፈላ። ነፋስ ያመጣኝ ዘመዶቹን ጠራ፤ አራሚው ማስረጃዎቹን ጠራ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ይወቅጡታል፣ ይረጫል፣ እንደገና ይወቅጡታል።

ወሬው ከስልክ ወጥቶ ማተሚያ ቤቱን አዳረሰው። ወረቀት ቆራጩ "ትቀብራለች" አለ። ጠራዡ "አትቀብርም" አለ። የማሽን ሠራተኛው "ትቀብራለች፣ ግን እስከ ዓይኗ ብቻ ነው" የሚል የእርቅ ሐሳብ አመጣና ከሁለቱም ተሰደበ። ካርዱን የምትተይበው ዲዛይነር ደግሞ ዓይኗ ከእነሱ፣ እጇ ከኮምፒውተሩ ሆኖ "ኧረ ጋሼ፣ እኔ በቪዲዮ አይቻለሁ! ስትቀብር! በዓይኔ በብሌኑ!" ትላለች። ጣቶቿ የሚሰሙት አፏን ነበር።

የካርዱ ርእስ "የክብር ጥሪ" መሆን ነበረበት። በወርቅማ ቀለም፣ በትልልቁ፣ ከሁለት ቀለበቶች ሥዕል በላይ ተሽሞንሙኖ የተጻፈው "የቀብር ጥሪ" ነው።

አራሚዎች የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። ስህተት ትንንሹ ጽሑፍ ውስጥ ቢገባ ተፈልጎ ይያዛል፤ የሚያመልጠው ርእስ ላይ የተቀመጠው ነው፤ ርእስን ሰው ያየዋል እንጂ አያነበውም። አራሚው ራሱ ይህን ለስንቱ አስተምሯል። የዚያን ቀን ቅጂው ፊቱ ሲቀርብለት ግን በግራ እጁ ስልኩን ይዟል። ከጠዋት ጀምሮ ቀበረች፣ አልቀበረችም፣ ልትቀብር፣ ቀብራ ሲል የዋለ ዓይን "ቀብር" የምትለዋን ቃል እንደ ቤተሰብ አሳለፋት። የሙሽራዋን ስም አየ፤ ልክ ነው። የሙሽራውን አየ፤ ልክ ነው። መጨረሻው ላይ የጎደለች አራት ነጥብ አገኘና በቀይ አስገባት፣ ደስም አለው። "ይታተም" ብሎ ፈርሞ ወደ ሰጎኗ ተመለሰ።

ካርዱ በፖስታ ታሽጎ ዳኛው ቤት ደረሰ። ዳኛው እንዳሉትም ሳይከፍቱ በተኑት።

መጀመሪያ የደወሉላቸው የድሮ ባልደረባቸው ናቸው። "ማን ሞተብህ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቀጥሎ የዳኛው ታላቅ እህት ፖስታቸውን ቀደዱ። ርእሱን አነበቡ፤ ወረድ ብለው የሁለቱን ልጆች ስም አዩ፤ "ሁለቱም? ባንድ ቀን?" ብለው ጩኸታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ነጠላ ጫማውን ያደረገም ያላደረገም ሮጠ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል "ኧረ እስቲ ልጆቹ ጋ እንደውል" ያለ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም "ሙት ስልክ ያነሳል እንዴ?" ብለው ተቆጡት።

የካርዱ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። አንዱ "ስለ ትዳር እውነቱን የተናገረ ማተሚያ ቤት ይኸው ተገኘ" አለ። ሌላዋ "ጥቁር ልብስ ነው ወይስ ነጭ? ቶሎ ንገሩኝ፣ ልብስ ሰፊው ይጠብቀኛል" አለች። ይህን ሁሉ አራሚው ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያነባል። አፍሯል፤ ፊቱ ቀልቷል። ግን አንዱ ተነስቶ "ለነገሩ ክብርና ቀብር ከአንድ ሥር የመጡ ቃላት ናቸው" ብሎ ሲጽፍ አየ። አውራ ጣቱ ወደ ፊደሎቹ ሄደ።

ሚስቱ ከጀርባው ሆና ታየው ኖሯል። "ልጅህ ደጅ ቆማ ታለቅሳለች፣ አንተ የቃል ሥር ትቆፍራለህ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!" ብላ ስልኩን ከእጁ መነጨቀችው።

ልጅቱ ገባች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

"አባዬ፣ ዳኛው 'ሰውየው አውቆ ነው ያደረገው' ብለዋል። ንቆናል፣ በቁማችን ቀበረን ብለዋል። ስለምናቸው ዋልኩ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤታቸው መጥተህ 'ተሳስቻለሁ' እንድትል። አለዚያ ሠርጉ ላይ አልገኝም ብለዋል። እሳቸው ካልተገኙ ልጃቸውም ሠርጉ ላይ አይቆምም፤ አውቀዋለሁ።"

"የተየበችው'ኮ ዲዛይነሯ ናት።"

"አባዬ።"

"ደግሞ ርእስ ላይ ያለ ስህተት በባሕርይው..."

"አባዬ! አንዲት ቃል ናት። ለእኔ ብለህ ተናገራት።"

እሺ አላት። ከልቡ ነበር እሺ ያላት፤ ይህን ማንም አይካደው። መንገዱን ሁሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲለማመድ ሄደ። እስከ "ተሳስ" ድረስ ደህና ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ምላሱ በልማድ ወደ "ተዋል" ትሮጥበታለች። ይመልሳታል፣ ትሮጣለች።

የዳኛው ሳሎን ወንበሮች ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነው፤ የተቀመጠባቸውን ሁሉ ተከሳሽ ያስመስሉታል። ዳኛው ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ሙሽራው ከጎናቸው፣ ልጅቱ ከአባቷ አጠገብ። ሻይ ቀረበ። አራሚው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ... የመጣሁት... ያው እንደሚያውቁት..."

ላብ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ዳኛው ያዩታል። ስንት ሰው ፊታቸው ቆሞ ሲያልበው የኖረ ነው፤ እውነተኛውን ላብ ከሐሰተኛው ይለያሉ።

"ይተዉት በቃ" አሉ እጃቸውን አንስተው። "እዚህ ድረስ መምጣትዎ ለእኔ ይቅርታ ነው። ልንጋባ ነውና አንካሰስም። ሰው ነን፣ እንሳሳታለን። ደግሞስ የሰው ልጅ ከአንጎሉ የሚጠቀመው አሥር በመቶውን ብቻ አይደል? በዚያች በአሥር በመቶ እዚህ መድረሳችንም ተመስገን ነው!"

ሁሉም ሳቁ። ሙሽራው እፎይ ብሎ ወንበሩን ተደገፈ። የልጅቱም ትከሻ ወረደ። ነገሩ አልቋል፤ ለአራሚው የቀረው ሻዩን መጠጣት ብቻ ነው።

አልጠጣም። "አሥር በመቶ" ጆሮው ውስጥ እንደ ትንኝ ገብታ ትጮህበታለች። ይህችን ስህተት ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድዳት የኖረ ነው፤ ስንት ሌሊት፣ ስንት ሰው ጋ፣ በስንት ማስረጃ! አሁን ደግሞ እግሯን አጣጥፋ ሳሎን ውስጥ ፊቱ ተቀምጣለች። ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ አየችው፣ ገባት፣ ፊቷ ተለወጠ። ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ አይሆንም፣ አባዬ፣ ዛሬ እንኳ አይሆንም።

"ተሳስ..." አለ።

ዳኛው ይቅርታው ወጣ ብለው ፈገግ አሉ። "አይ፣ ይበቃል አልኩዎ እኮ..."

"...ተዋል።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አንዴ ከጀመረ ደግሞ ማን ያቆመዋል! "አንጎል የሚሠራው በሙሉ ነው፤ ተኝተን እንኳ ይሠራል። አሥር በመቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ የቀረው ዘጠናው ሲጎዳ ምንም ባልሆንን ነበር። አንድ ጊዜ፣ ጥናቱን ላሳይዎ..." ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

ዳኛው ፈገግታቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ስልኩን አላዩትም፤ እሱን ነው ያዩት።

"ይሁን፣ ልክ ነዎት" አሉ። "እንደዚያ ከሆነ ካርዱንም ያነበቡት በሙሉ አንጎልዎ ነዋ።"

አራሚው ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። ለዚህ የሚሆን ማስረጃ ስልኩ ውስጥ አልነበረም።

ልጅቱ ስኒዋን አስቀምጣ ተነሳች። ወደ አባቷ አልዞረችም።

"ተሳስቻለሁ" አለች ለዳኛው። "ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ ፊደል አያመልጠውም ብዬ ያሳመንኩዎት እኔ ነኝ። ካርዱን ለእሱ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ። ሠርጉ ላይ በአባቴ ቦታ አጎቴ ይቆምልኛል።"

ዳኛው ከመቀመጫቸው ተነስተው እጇን ያዙ። "ተቀመጪ ልጄ" አሏት። "ተቀመጪ፣ ሠርጉ ይሆናል። ሻይሽ ቀዘቀዘ፣ ሌላ ይቅዱልሽ።"

አራሚው ስልኩ እጁ ላይ እንደበራ ቀረ። የልጁን ቃል በልቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ መልሶ አነበበው፤ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ አሁንስ ምንም ሳያመልጠው። የሚታረም ነገር አላገኘበትም።