ባየልኝ እንዳይተኛ

ከሸሕዲ እስከ አብደራፊ እኔን ዋሴን የሚያህል ትራክተር ነጂ የለም ስል ትሕትና ይዞኝ ነው። ዋልካውን ጥቁር አፈር በአንድ እጄ ነው የማርሰው፤ ጅብ የሞተሬን ድምፅ ከሰማ መንገድ ይለቃል።

ይህን በተናገርሁ ቁጥር የሚያላግጥብኝ ባየልኝ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ፣ ጢሙ ገና ያልሞላ ጎረምሳ። «አያ ዋሴ፣ መንገድ የለቀቁትስ እርስዎ ነዎት» ይለኛል።

ሰሊጥ ከደረቀ ፍሬው ይረግፋል፤ አጫጁን ፋታ አይሰጠውም። ስለዚህ ልጆቹ ከድንበር ማዶ የሚገባውን ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይውጣሉ፤ «ጉልበት» ነው የሚሉት። ሐሩሩም፣ የወገብ ሕመሙም፣ ረሃቡም አይሰማቸውም። የጤና ሰዎች በድምፅ ማጉያ ቢለፍፉም የሰማቸው የለም።

ዛሬ ባየልኝ ማጭዱን እንደያዘ ተደፋ። ጓደኞቹ «ጉልበት» አንሶት ነው ብለው፣ እንዲነሳ ሌላ እንክብል በውኃ አጋቱት።

እኔ ስደርስ ዓይኑ ይከደናል፣ ይገለጣል። ከጎኔ የጎማው መከለያ ፓራፋንጎ ላይ አስቀምጬ በሽርጤ ከወገቤ ጋር አሰርሁትና ጤና ጣቢያ ወዳለበት ሽንፋ ከተማ ነዳሁ። እየነዳሁም እዚያ መድኃኒት ቤት ላላት ለሙባረካ ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ከተኛ ትንፋሹ ይቆማል» አለችኝ። «ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ያናግሩት።»

ማናገር! ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው አልተፈጠረም።

ጓንግ ወንዝ ዳር አዞ ጠምጄ አርሻለሁ ብዬ ጮኽሁበት። «ውሸት» አለ። ደስ አለኝ። አንበሳ ጭድ አብልቻለሁ አልሁት። «አንበሳ... ጭድ...» ብሎ ምላሱ ተሳሰረ። ቆነጠጥሁት። ዝሆን በጀርባዬ ተሸክሜ ወንዝ አሻገርሁ አልሁት፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ከንፈሩ አመድ መሰለ። የውሸት ጎተራ የነበርሁት ሰውዬ ባዶዬን ቀረሁ። ጨነቀኝና አፌ ላይ የመጣልኝን ለቀቅሁት፤

«እናትህ ሽንፋ መጥታ እየጠበቀችህ ነው።»

ዓይኑን ገለጠ። «እትዬ... እናቴ መጣች?» አለ።

ይህን አመነኝ። ፈገግ ብሎ፣ ቤቱ የገባ ሰው ይመስል፣ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለና ዓይኑን ከደነ።

«አልመጣችም! ውሸቴን ነው!» አልሁ። በዕድሜዬ ሙሉ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። «ባየልኝ፣ ዋሽቼህ ነው፣ ተነሥና ስደበኝ!»

ትንፋሹን ለመስማት ጆሮዬን አፉ ላይ ደቀንሁ፤ ሞተሩ አላሰማ አለኝ። እንዳላጠፋው ደግሞ ሽንፋ ገና ነው።