ነጩ ሳጥን ውስጥ

ሳጅን ቱ ዌንሻን ለሰፈሩ አዛውንት የስኩተር ደህንነት ትምህርት መስጠት ከጀመረ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለትምህርቱ ብሎ የመጣ አንድ ሰው ካለ ስሙን ይንገሩት። የሚመጡት ለምግብ ማጣፈጫው፣ ለሶያ ሶሱ ነው። የሰፈሩ ሊቀመንበር በትምህርቱ ማብቂያ ላይ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ጠርሙስ ያድላል። ዘንድሮ ደግሞ ደረቅ ኑድል ተጨምሯል የሚል ወሬ ስለተናፈሰ የቤተ መቅደሱ ግቢ ገና በጠዋቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል።

ሁሉም የመጡት በስኩተር ነው። ቤታቸው ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው አባባ ቲንፋ ሳይቀሩ መንገዷን የተሻገሩት በስኩተር ነበር። ሳጅኑ ምነው ቢላቸው፣ ኑድሉ ከባድ ከሆነ በምን ልሸከመው ነው ብለው መለሱለት።

እናቱ ሹቺን ዘግይታ ደረሰች። ከሮዝ ስኩተሯ ሳትወርድ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ በፕላስቲክ ወንበሮቹ መሃል ሰተት ብላ ገብታ የፊተኛው ረድፍ ጋ ቆመች። ገበያ የምትገበየውም እንዲሁ ነው። ጎመኑንም ዓሣውንም ኮርቻው ላይ እንደተቀመጠች ትመርጣለች፤ ሻጮቹም ለምደው ዕቃውን መንጠቆዋ ላይ ያንጠለጥሉላታል። የሄልሜቷ ማሰሪያ ጉንጯ ላይ ይወዛወዛል።

«ሞተሩን ያጥፉ። ማሰሪያውንም ይሰሩ» አላት። ዩኒፎርም ሲለብስ አንቱ ይላታል።

እሷ ወደ ጎረቤቷ ዞረችና፣ «የዚህን ልጅ ጫማ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ያሰርኩለት እኔ ነኝ» አለች። ወንበሩ ሁሉ ሳቀ።

ሌላ ቀን ቢሆን ደሙ ፈልቶ ይበርድ ነበር። ዛሬ ግን አልበርድ አለው። ከትናንት በስቲያ የጣቢያው አዛዥ ቢሮው አስጠርቶ ፎቶ አሳይቶታል። በሲሚንቶ ፋብሪካው መስቀለኛ መንገድ ላይ አንድ ሮዝ ስኩተር፣ መንጠቆው ላይ ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ፣ በመኪኖቹ መሃል ሰንጥቆ በቀጥታ ወደ ግራ ሲታጠፍ። አዛዡ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ይኸው ነው አለና፣ ወይ እናትህን አስተምር ወይ ቁልፏን ውሰድ ብሎ አሰናበተው።

ቁልፉ ደግሞ እግሯ ነው። ጓደኛዋ እማማ ላንዪንግ ዓምና ዳሌያቸው ተሰብሮ ከከተማው ጫፍ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አልጋ ይዘዋል። የዚያን ቤት ምግብ ዓይኑን አያሳዩኝ ስላሉ ሹቺን በየቀኑ የዓሣ ገንፎ ሠርታ ታደርሳለች። አውቶቡሱ አንድ ቀን ከመጣ ሌላ ቀን አይመጣም። ዌንሻን ይህን ሁሉ ያውቃል። ሆኖም ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ በግቢው የሚሰጠውን የመንዳት ፈተና ካላለፈች ቁልፉን እንደሚወስድ ነግሯታል። እሷም እሺ አለች። ቶሎ እሺ ማለቷ አላማረውም ነበር።

ፕሮጀክተሩን አበራና ጀመረ። ወደ ግራ መታጠፍ የፈለገ ስኩተር በቀጥታ አይታጠፍም። ቀጥ ብሎ ይሻገራል። ማዶ አስፋልቱ ላይ የተሰመረው ነጭ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫውን ወደ ግራ ያዞራል፣ ነጂው ሁለቱንም እግሩን መሬት ያደርጋል፣ የዚያኛው መንገድ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ይጠብቃል። ይህን በዓመት አርባ ጊዜ ይለዋል፤ በእንቅልፉም ሳይለው አይቀርም። ፊተኛው ረድፍ የሎሚ ከረሜላ ይከፋፈላል። ከኋላ አንዲት ሴትዮ ስለ ምራቷ ታወራለች።

ከዚያ ሁልጊዜ ለመጨረሻ የሚያቆያት ፎቶ መጣች። ግማሹ ከጭነት መኪና ጎማ ስር የገባ አረንጓዴ ስኩተር ነው።

«ይሄን ታውቁታላችሁ። የእማማ ላንዪንግ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ መጠበቅ የሰላሳ ሰከንድ ጉዳይ ነበር። እሳቸው ግን ቸኮሉ።»

ከረሜላው ቆመ። ወሬው ቆመ። ይህች ፎቶ ስትመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ጸጥ ይላሉ፤ ሳጅኑም አፍረው ነው ብሎ ያስባል፣ ቢያንስ አንዷ ነገር ገባቻቸው ይላል። አባባ ቲንፋ እጃቸውን አወጡ። ጥያቄ በመጨረሻ ነው አላቸው። እጃቸውን አወረዱ።

በመጨረሻ ሶያ ሶሱ መጣ። ሊቀመንበሩ ካርቶኑን ሲከፍት ጥያቄ ያለውም የሌለውም ተነስቶ ተሰለፈ፤ ኑድሉም እውነት ሆነና ግፊያው ባሰ። ሳጅኑ ፊሽካ ነፍቶ ሰዉን ወደ ፈተናው ለመመለስ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ግቢው ውስጥ በኖራ መስቀለኛ መንገድ ተሰምሯል፣ ኮኖች ተደርድረዋል፣ ነጭ ሳጥንም ተሥሏል። እናቱን መጀመሪያ ጠራት።

ሹቺን ማሰሪያዋን ጠቅ አድርጋ አሰረች። ምልክት አሳየች፣ ቀጥ ብላ ተሻገረች፣ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ የስኩተሯን አፍንጫ አዞረች። ሁለት እግሯን መሬት አድርጋ ቀና ብላ ተቀመጠች። እሱ አረንጓዴውን ሰሌዳ እስኪያነሳ ንቅንቅ አላለችም። አንዲት ኮን አልነካችም። ግቢው አጨበጨበላት።

ሳጅን ቱ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ይልቁንስ ቆሽቱ አረረ። ባታውቅ ኖሮ ያስተምራት ነበር። የሚያውቅን ሰው ምን ያደርጉታል? ወደ ስኩተሯ ሄዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንቱታውንም ትቶ አፈጠጠባት።

«ትችያለሽ ማለት ነው። ከእኔ ጋር ምን ዓይነት እልህ ነው የተጋባሽው? እዚያ መንገድ ላይ ለምንድነው የማትቆሚው?»

«እዚያ ሳጥን ውስጥ ቆመህ ታውቃለህ?»

«ሃያ ዓመት በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ።»

«በመኪና። እኔ የጠየቅኩህ በስኩተር ሳጥኑ ውስጥ ቆመህ ታውቃለህ ወይ ነው።» ቁልፉን ነቅላ ዘረጋችለት። «እንካ፣ ውሰደው። ዛሬ ምሳውን አንተ አድርስ። እኔ ከኋላህ እቀመጣለሁ።»

ሰው ሁሉ ጠርሙሱን ታቅፎ ያያል። እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረውም። ኮርቻው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቱ እጀታውን ይነካል፤ ምሳ ዕቃው በጉልበቶቹ መሃል ይንጠለጠላል። አንድ የከተማ ፖሊስ በሮዝ ስኩተር እናቱን አዝሎ ሲወጣ አባባ ቲንፋ ማሰሪያህን እሰር ብለው ከኋላው ጮኹበት። በንዴት ረስቶት ነበር። አሰረ።

መስቀለኛው መንገድ ላይ እንዳስተማረው አደረገ። ቀጥ ብሎ ተሻገረ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገባ፣ አዞረ፣ እግሩን መሬት አደረገ። ከኋላው ከፋብሪካው የሚወጡት የጭነት መኪኖች በቀዩ መብራት ተሰልፈው ያጉረመርማሉ። ይኸው ቆምኩ፣ ምን ሆንኩ ሊላት አፉን ከፈተ።

የቀኝ መታጠፊያዋ ቀስት በራች። ለእሱ መብራቱ ገና ቀይ ነው፤ ለመኪኖቹ ግን መንገዱ ተከፈተ፣ ሳጥኑም ያለው ልክ በመንገዳቸው ላይ ነው። ዞር ብሎ ቀና ቢል የሾፌሩን መስኮት ሳይሆን የመኪናውን መከላከያ ብረት አየ። ሾፌሩ ያለው ከላይ ነው፤ እሱን እንደማያየው ገባው። ብረቱ መጣ። ዌንሻን ስኩተሩን በእግሩ እየገፋ፣ እየተደናበረ ወደ እግረኛው መንገድ ጠርዝ ሸሸ፤ ጎማው ሄልሜቱን በአቧራ ሸፍኖት አለፈ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። እናቱ ወገቡን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

አረንጓዴው ሲበራ አልተንቀሳቀሰም።

«አራት ወር ቆሜበታለሁ» አለች ከጀርባው። «ልጄ ቁሚ ብሎኛል ብዬ። ላንዪንግ እዚሁ ከተመታች በኋላ ግን ተውኩት።»

«እሳቸው እኮ በቀጥታ ሲታጠፉ ነው የተመቱት።»

«ማን አለህ?»

የመታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነው ያለው። እሳቸው ያን ቀን ቀዶ ጥገና ላይ ነበሩ፣ ካሜራው ብልሽት ነበረበት፣ ሪፖርቱ እስከ ማታ መድረስ ነበረበት። የጻፈውም የፈረመውም ራሱ ዌንሻን ነው። ሲያገግሙ ሄጄ ቃላቸውን እቀበላለሁ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ሌላ አደጋ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ፎቶዋን ባሳየህ ቁጥር ቲንፋ እጁን ያወጣል። ጥያቄ በመጨረሻ ነው ትላለህ። በመጨረሻ ሶያ ሶስ ይመጣል፣ ሰው ይነሳል።» ትከሻውን መታ አደረገችው። «ሂድ፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል።»

እማማ ላንዪንግ ትራስ ተደግፈው ይጠብቁ ነበር። ዩኒፎርሙን ሲያዩ ደነገጡ፤ ሹቺን ምን አጠፋች ብለው ጠየቁ። ሹቺን ምንም አላጠፋሁም አለችና ምሳ ዕቃውን ከፈተችላቸው። ዌንሻን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የማስታወሻ ደብተሩን አወጣና ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«እማማ ላንዪንግ፣ ያን ቀን ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ማንኪያውን አስቀመጡ። በዓመት ውስጥ ከፖሊስ የጠየቃቸው ሰው ባይኖርም መልሱን ያዘጋጁት ይመስላል፤ ልክ ፈተና ላይ እንደ ተጠራ ተማሪ ቀና አሉ።

«ሳጥኑ ውስጥ ነበርኩ፣ ልጄ። አንተ እንዳልከው የስኩተሬን አፍንጫ አዙሬ፣ ሁለቱንም እግሬን መሬት አድርጌ። መብራቱን እየጠበቅኩ።» ጥቂት አሰቡና አንድ ነገር እንዳይረሳ ጨመሩ። «ማሰሪያዬንም አስሬ ነበር።»