የሳልህ ደም

ዶክተር አብዱልሰመድ ሸዋ ሮቢት ላይ ክሊኒክ ከፍቶ ዘመኑን የፈጀው ከወባ ጋር ሲታገል ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ ከቀወት ገጠር በአህያም በባጃጅም የሚመጣው ትኩሳተኛ አግዳሚውን ይሞላዋል።

አብራው የምትሠራው ወጣቷ ዶክተር ፈትያ በአንድ ነገር አትስማማውም። ወባዋ ከተደበቀችበት ከጉበት ተነስታ እንዳታገረሽ የሚሰጠው ክኒን የአንዳንዱን ሰው ደም ያፈርሳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የያንዳንዱ ደም ይመርመር፣ መድኃኒቱም እንደ ሰውየው ይሁን ትላለች። እሱ ደግሞ መመርመሪያው እዚህ እንደሌለ፣ እስኪመጣ ቢጠበቅ ሕዝቡ በወባ እንደሚያልቅ፣ ክኒኑም በእጁ አንድ ሰው እንኳ ጎድቶ እንደማያውቅ ይነግራታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ባጃጅ ነጂው ሳልህ የመጣው ትኩሳቱ እየተመላለሰ ከሥራ ቢያስቀረው ነው። አብዱልሰመድ ክኒኑን ሰጠው፤ ሽንትህ ከጠቆረ ቶሎ ተመለስ ማለቱንም አልዘነጋም። ሽንቱ ሲጠቁር ግን ሳልህ ሙቀቱ ነው ብሎ ውሃ እየጠጣ መንዳቱን ቀጠለ። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ መቆም አቅቶት፣ በወንድሙ ተደግፎ ሲመጣ ነገሩ ከእጅ አልፎ ነበር። ደም ወደሚገኝበት ወደ ደብረ ብርሃን አሳፈሩት። መንገድ ላይ፣ ጣርማ በርን ሳያልፍ ሞተ።

አብዱልሰመድ ለቅሶ ደርሶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ማንም አልወቀሰውም፤ እንዲያውም ለልጃችን ደክመሃል ብለው መረቁት። ምርቃቱ ከወቀሳ ይልቅ ከበደው። ፈትያም ነግሬዎት ነበር አላለችውም።

ከሰደቃው በኋላ የሳልህ እናት እትዬ ራሕማ ታናሹን ልጃቸውን ኡበይድን ይዘው መጡ። ያው ትኩሳት ነው። አብዱልሰመድ ትኩሳቱን የሚያበርደውን መድኃኒት ሰጥቶ ያኛውን ክኒን ከለከለ። እናትየው ለምን አሉት። ሳልህን የገደለው ያ ክኒን መሆኑን፣ የሰጠውም እሱ ራሱ መሆኑን፣ ደሙ እንደማይችለው ሳያውቅ መስጠቱን ሳይደብቅ ነገራቸው። የኡበይድም ደም እንደ ወንድሙ ሊሆን ይችላል፤ ሳይመረመር ክኒኑን አልሰጠውም አለ።

«እንዲህ ያለው ደም ከየት መጣበት?» አሉ።

አላህ ነው የሚያውቀው ብሎ ቢያልፈው ይቀለው ነበር። ነገር ግን እትዬ ራሕማ ያገቡ ሴት ልጆች አሏቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውም ሊጠነቀቁ ይገባል።

«ከእናት የሚወረስ ነው፣ እትዬ። ጥፋት ግን አይደለም።»

እትዬ ራሕማ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

«እኔ ደሜን የሰጠሁት ሊኖርበት ነበር» አሉ።

አብዱልሰመድ እስከ በር ሸኛቸውና፣ ያለዚያ ክኒን ትኩሳቱ መመለሱ እንደማይቀር፣ በተመለሰ ቁጥር ወረፋ ሳይጠብቁ እንዲያመጡት ነገራቸው።

ኡበይድ በኅዳር ታሞ መጣ፤ በጥርም መጣ። በመጣ ቁጥር ከስቷል። ፈትያ መመርመሪያውን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ደጅ ትጠናለች። እናቲቱ ልጃቸውን አስተኝተው፣ ያ የደም ምርመራ መጣ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አብዱልሰመድ ገና ነው ይላቸዋል።