የቀስ በሉ ችሎት

«ኧረ ተቀመጡ! እዚህ ችሎት የለም» አለች የሟቿ እህት።

ከፍርድ ቤት የመጡት ለቀስተኞች ሳቃቸውን ዋጡት። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት እስኪቀመጡ ድረስ አንዳቸውም ሳይቀመጡ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ጎበጥ ያሉት ሽማግሌ ፕሬዚዳንት መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር ያዙ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። የሟቿ ልጅ ሻይ ማዞር ጀመረች። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ እጇ ሥራ ካልያዘ የት እንደምታደርገው አታውቅም።

ሟቿ የቤተሰብ ችሎት ዳኛ ነበረች። ባለጉዳዮች በስሟ አይጠሯትም፤ «ቀስ በሉ» ነበር የሚሏት። ባልና ሚስት እኩል ሲጮኹባት ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። «ቀስ በሉ፤ የሚያስቸኩለን የለም» ትላለች። የሚያስቸኩልስ ሞልቶ ነበር፤ ዶሴው ተከምሮ፣ ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቆ። እሷ ግን የልጅ ቃል ልትሰማ ስትል ካባዋን አውልቃ ከመድረኩ ትወርዳለች፤ ከልጁ ጎን ቁጭ ብላ ስለማይረባ ነገር ሁሉ ታወራለች።

«እኔ እንኳ እሳቸው የፈረዱብኝ ነኝ» አለ በሩ አጠገብ የተቀመጠ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«አይ አንተ! ይግባኝህን እዚህ ይዘህ መጣህ?» አለችው አክስቷ።

«ኧረ እትዬ፣ ምን በወጣኝ! ያኔ የፈረዱብኝ አጥፍቼ ነው። አሁን በልጄ ጉዳይ ከእናቷ ጋር እንደገና ክስ ላይ ነን። ልጄን ሰምተዋት ነበር። እናትሽን ነው አባትሽን የምትወጂው አላሏትም። ማታ ጫማሽን የት ነው የምታወልቂው ብለው ጠየቋት። እየሳቀች ወጣች።» ብርጭቆውን በመዳፎቹ መሃል አዞረው። «ሳይወስኑ ሥራቸውን ለቀቁ። አዲስ ዳኛ እስኪሾም ዶሴው አይነካም ተባልን። ሲሾምም ሁሉም ከመጀመሪያው ነው አሉ። ያንን ሁሉ ለማያውቁት ሰው ድገሚው ሊሏት ነው።»

ልጅቷ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሰባት።»

«አሁን ማን ጋ ናት?»

«አያቷ ጋ። ለጊዜው ተብሎ።»

«ትምህርት ቤት ማን ያደርሳታል?»

«ከተማ ካለሁ እኔ። መንገድ ከወጣሁ ጎረቤት።»

«ስትታመምስ ማንን ነው የምትጠራው?»

ሹፌሩ አሰበ። «እናቷን» አለ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ውይ አንቺ ልጅ!» አለች አክስቷ። «ባሕር ማዶ ለቅሶ ቤት ውስጥ ቃል መቀበል ነው እንዴ ያስተማሩሽ? ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ!»

ቤቱ ሳቀ። ልጅቷ አፈረች። ያፈረችው በጥያቄዋ አልነበረም፤ ለዚያች አፍታ እናቷ መሞቷን ረስታ ነበር። ቀና ስትል ፕሬዚዳንቱ ትክ ብለው ሲያዩዋት አገኘቻቸው።

ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆ ማጠብ ያዘች።

እናቷ የጡረታ ጊዜዋ ሦስት ዓመት ሲቀረው ነበር ድንገት ሥራዋን የለቀቀችው። «ደከመኝ» ብቻ አለች። ልጅቷ ግን አላመነችም። የደከመው ሰው ይተኛል፤ እናቷ በየማለዳው ተነስታ የሥራ ልብሷን ትለብስና የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች፤ የምትሄድበት የላትም። ጥቂት ቆይቶ ለልጅቷ ከዚያው ፍርድ ቤት ጥሪ መጣላት፤ በቤተሰብ ችሎት ዳኛ እንድትሆን ታጭታለች። ያኔ ነገሩ ግልጽ መሰላት። አሮጊቷን ገፍተው አስወጥተው፣ አፍ ለማዘጋት ልጇን ሊሾሙ ነው። ሩቅ አገር ሕግ ተምራ ስትመለስ ይዛ የመጣችው ትልቁ ነገር ጥርጣሬዋ ነበር፤ እሱም የትም አልጠፋባትም።

«ያ ነገር ምን ደረሰ?» ትላታለች እናቷ ቁርስ ላይ።

«እያሰብኩበት ነው።»

«አስቢበት። ቀስ ብለሽ።»

ከዚህ ሌላ አልተነጋገሩም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ እናቷ ጋደም እንዳለች አልነሳ አለች፤ ልቧ ነው አሉ።

ፕሬዚዳንቱ ብርጭቋቸውን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ።

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ። «ግን የሹመት ኮሚቴው ሰኞ ይሰበሰባል። ቁርጡን ካልነገርሽን ቦታውን ለሌላ ሰው መስጠታቸው ነው።»

«ይስጡት።» እጇን ከውሃው አላወጣችም። «እናቴን ገፍታችሁ ያስነሳችሁበት ወንበር ላይ አልቀመጥም።»

«ማንን ነው የገፋነው?»

«ያንን ሥራ እንዴት እንደምትወደው እኔ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ሰው ዝም ብሎ አይተወውም።»

ሽማግሌው በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ምንም አልነገረችሽም ማለት ነው» አሉ። «ስምሽ ዕጩዎች ውስጥ መግባቱን የሰማች ዕለት ቢሮዬ መጣች። እናትና ልጅ አንድ ፍርድ ቤት ዳኛ አይሆኑም፤ ደንባችን ነው። ልጅቷን ሌላ ፍርድ ቤት እናስመድባታለን አልኳት። የተማረችው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ ቦታዋ እዚህ ነው አለች። መልቀቂያዋን እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ጻፈችው።»

ልጅቷ ቧንቧውን ዘጋች።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ንገሪያት ብያት ነበር። ተቆጣችኝ። ታውቂያት የለ፣ ችሎት ላይ አባትም ይሁን እናት 'ለልጄ ስል ይሄን አጣሁ' ብሎ ልጁ ፊት ከተናገረ ታስወጣዋለች። ልጅ የተከፈለለትን ካወቀ በኋላ ምረጥ ቢሉት አይመርጥም፣ ዕዳውን ነው የሚከፍለው ትል ነበር።»

«ነገሯት?» አክስቷ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «እህቴ ይዛው የተቀበረችውን እርስዎ ሳልስት እንኳ ሳይሞላ ያፈርጡታል? እንዲህ ያለ ዳኛ!»

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አለች ልጅቷ።

«አስምላኝ ነበር፣ ልጄ። ምን ላድርግ።»

ልጅቷ እርጥብ እጇን አንጠልጥላ ቆመች። እናቷ ለእሷ ብላ የለቀቀችውን፣ እሷ ለእናቷ ብላ አልነካም ብላ ነበር። በየማለዳው በአንድ ጠረጴዛ ወዲህና ወዲያ ተቀምጠው፣ አንዷ ሌላዋን ላለመጉዳት ዝም ተባባሉ። «ቀስ ብለሽ» እያለቻት።

«አሁንማ አለቀ» አለች። «እሺ ብል ለእሷ ብዬ ነው። እምቢ ብልም ያደረገችውን ከንቱ ማስቀረት ነው። ከእንግዲህ እኔ ምኑን ነው የምመርጠው?»

ፕሬዚዳንቱ አንገታቸውን ደፉ። «አጠፋሁ፣ ልጄ። ጸጥ ብል ይሻል ነበር።»

አክስቷ ትሪውን አስቀመጠች። ቁጣዋ ድንገት የት እንደገባ አልታወቀም።

«ቅድም ያንን ሹፌር ስታፋጥጪው ይሄን ታውቂ ነበር?»

«የቱን?»

«አሁን የሰማሽውን።»

«አላውቅም ነበር።»

«እንግዲያስ? ለማን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?»

ከሳሎን የሹፌሩ ድምፅ ይሰማል፤ ልጁ ትናንት ያለችውን ለአንዱ እያወራ ነው። ልጅቷ ሳታስበው ጆሮዋን ቀሰረች። ሕፃኗ ታማ የምትጠራው እናቷን ከሆነ፣ ሌሊት አያቷ ቤት ስትነቃስ ምን ታደርጋለች? ይህን አልጠየቀችውም። መጠየቅ ነበረባት።

«እሺ ብላለች በሏቸው» አለች።

«ሰኞ ድረስ ጊዜ አለሽ» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

«በሏቸው። ካበላሸሁትም ራሴ ነኝ የማበላሸው።»

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ወጣች። ሳሎኑን በጓሮ በኩል አልፋ በኮሪደሩ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች፤ ለሰው የምሥራች ይዞ እንደሚሮጥ ሰው። ፊቷ ላይ አክስቷ ከቀብሩ ወዲህ ያላየችው ነገር ነበር። የእናቷ መኝታ ቤት በር ላይ ስትደርስ እጇን ለማንኳኳት አነሳች፣ አፏን ከፈተች፣ ትዝ ብሏት ቆመች።



ልጅቷ እጇን አላወረደችም። የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ እንደምትጠነቀቅ፣ በጣቷ ጫፍ ቀስ አድርጋ አንኳኳች። ከዚያም ግንባሯን በሩ ላይ አስጠግታ ጠበቀች።