ለሚመለከተው ክፍል ይመራ

አቶ መኩሪያ በቢክ የሚጽፍ ሰው ሲያዩ ከልባቸው ያዝኑለት ነበር። «ምስኪን! ቢክ እኮ መጻፍ አይደለም፤ መቧጨር ነው» ይላሉ። እሳቸው ደረት ኪስ ላይ የተሰካው ቀለም የሚሞላ፣ ጫፉ ወርቅ፣ ክዳኑ ጥቁር የጀርመን ብዕር ነው። አማታቸው በሠርጋቸው ዕለት የሰጧቸው ነው። ከልጅቱ ይልቅ ለብዕሩ ይሳሳሉ ብለው የሚያሟቸው አሉ። እኔ ሐሜት አልወድም፤ ውሸት ነው ግን አልልም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ብዕር ምን ይጽፋሉ? ኧረ ምን ጽፈው! አቶ መኩሪያ ንፋስ ስልክ፣ ስሙን ባንጠራው በሚሻለን አንድ መሥሪያ ቤት፣ የኪራይ ቤቶች ጥገና ክፍል ኃላፊ ናቸው። ደብዳቤውን ጸሐፊያቸው ጸደንያ ትተይባለች፣ እሳቸው ይፈርማሉ። ማመልከቻ ሲመጣ ደግሞ የብዕሩን ክዳን ቀስ ብለው ይፈቱና፣ ጫፉን በጨርቅ ይጠርጉና፣ ወረቀቱ ራስጌ ላይ አንዲት ነገር ያሰፍራሉ፦ «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ»። ማመልከቻው ወደ ዕቅድ ክፍል ይሄዳል። ዕቅድ ወደ ንብረት ክፍል ይመራዋል። ንብረት «ይሄ የጥገና ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ጥገና ማለት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም እንደገና ክዳኑን ቀስ ብለው ይፈታሉ።

ግን ጽሕፈቱ! የእግዜር ያለህ፣ ሐቁን እንናገር ከተባለ ያፈዝዛል። ፊደሎቹ እንደ ሙሽራ ሚዜ ተሰድረው ይቆማሉ፤ የመጨረሻዋ «ራ» እግሯን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ትዘረጋለች። ያንኑ አንድ ነገር ዕድሜ ልክ ሲጽፉ ኖረው እጃቸው ተሳለ። የቤተሰብ ጥሪ ካርድ ጻፉልን ሲባሉ ግን ሥራ በዝቶብኛል ይላሉ።

በዘጠና አንድ ጥቅምት ላይ መሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት አስገባ። ኮምፒዩተሩ አንድ ነበር፤ የተቀመጠውም አቶ መኩሪያ ቢሮ ነው። መስመሩ ደግሞ ሕዝቡ ጣሪያ አፈሰሰ፣ ሽንት ቤት ሞላ እያለ የሚደውልበት ያው ስልክ ነው። ኢንተርኔት ሲከፈት ስልኩ ይያዛል። አቶ መኩሪያ ይሄን ጥቅም ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም።

አንድ ቀን ጸደንያ ስትፈላልግ የዓለም የብዕርና የቁም ጽሕፈት ወዳጆች ማኅበር የሚባል አገኘችላቸው። አባላቱ በየአገሩ ሆነው በኢሜይል ይጻጻፋሉ። አንዱ ካናዳዊ ስለ ሰማያዊ ቀለም ሦስት ገጽ ይጽፋል፤ ሌላው «እሱ ሰማያዊ አይደለም» ብሎ አራት ገጽ ይመልስለታል፤ ከዚያ ይኳረፋሉ። ስለ ብዕር ነጋ ጠባ የሚያወሩት ሁሉ የሚያወሩት ኪቦርድ እየደበደቡ መሆኑን ልብ ያለው አልነበረም።

«ጸደንያ፣ ወገኖቼን አገኘኋቸው!» አሉ አቶ መኩሪያ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ያን ሰሞን መደወል ጀመሩ። ላፍቶ መንገድ ላይ በመሥሪያ ቤቱ ቤት የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ጣሪያው የተበሳው ልክ ከስፌት መኪናው በላይ ነው። ባለፈው ክረምት የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ዝገት በዝገት ሆኖባቸው አልቅሰው ከፍለዋል። አንድ ክረምት ከተደገመ መኪናው አበቃለት፤ መኪናው ካበቃለት እሳቸውም አበቃላቸው። ማመልከቻቸውን መስከረም ላይ አስገብተዋል። ሲደውሉ ስልኩ ተይዟል። ቢቸግራቸው በታክሲ መጡ።

«አቶ መኩሪያ፣ ስልካችሁ መቼ ነው የሚለቀቀው?»

«የውጭ ግንኙነት ላይ ነን፣ ወይዘሮ ዓለሚቱ።»

«ክረምት ሳይገባ ይጠገንልኝ ብቻ።»

«መርቼዋለሁ፤ አያስቡ።»

ማኅበሩ ሙሉ አባል ለመሆን አንድ ግዴታ ነበረው። ለታይታ ያልተጻፈ፣ በሥራ ላይ የዋለ የእጅ ጽሑፍ ለሊቀ መንበሩ በፖስታ መላክ አለበት። ሊቀ መንበሩ ሆላንድ የሚኖሩ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ናቸው። አቶ መኩሪያ በር ዘግተው ተቀመጡ። ከዳዊት አንድ መስመር ሞከሩ፤ ዶሮ የጫረው መሰለ። የሚስታቸውን ስም ሞከሩ፤ ባሰ። ያቺኑ የለመዷትን በባዶ ወረቀት ላይ ቢሞክሩ እጃቸው እንቢ አለ። ለካ ከሥሩ የሚለምን ሰው ከሌለ ብዕሩ አይሄድም!

ከትሪው ላይ አንድ ማመልከቻ ሳቡ። የወይዘሮ ዓለሚቱ ነበር፤ ከንብረት ክፍል ተመልሶ መጥቷል። ክዳኑን ፈቱ፣ ጫፉን ጠረጉ፣ ጻፉ። በሕይወታቸው እንዲህ ጽፈው አያውቁም። ቀለሙ እስኪደርቅ ትንፋሻቸውን ይዘው አዩት።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ይሄ እኮ የሰው ማመልከቻ ነው» አለች ጸደንያ ፖስታውን ስታይ።

«አውቃለሁ! በሥራ ላይ የዋለ አይደል የሚለው ሕጉ?»

«ጣሪያቸውስ?»

«አንቺ ደግሞ! አሽጊው።»

ከወር በኋላ ማኅበሩ አበደ። እንዲህ ያለ እጅ አይተን አናውቅም አሉ። ወረቀቱ ከአባል ወደ አባል በፖስታ እንዲዞር፣ የደረሰው ሁሉ ከጎኑ ያንኑ ገልብጦ እንዲጽፍ ተወሰነ። ትርጉሙን ሲጠይቁ አቶ መኩሪያ ላብ አጠመቃቸው፤ ትንሽ አሰቡና «ጉዳይ ሁሉ ባለቤቱን ያግኝ የሚል የጥንት ምርቃት ነው ብለሽ ጻፊ» አሉ። ጸደንያ ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች። ከዚያማ ምኑ ይወራል! ካናዳዊው በትራስ ልብስ ላይ አስጠለፈው። አንድ የአርጀንቲና ሰው በአባቱ መቃብር ላይ አስቀረጸው። እናንተዬ፣ ሟቹን ወደየትኛው ክፍል ሊመሩት ነው?

ወይዘሮ ዓለሚቱ በጥርም በመጋቢትም ተመላለሱ።

«ማመልከቻዬ የት ደረሰ?»

«ከፍ ያለ ቦታ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ሌላ ልጻፍ።»

«የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛ አይቀበሉም፤ ሥርዓት ነው።»

ይሄን ሲሉ ትንሽ እንኳ አላፈሩም። ወዲያው ዞረው ኢንተርኔቱን ከፈቱ።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ገባ። በዚያው ሳምንት ከሆላንድ ጥቅል መጣ። ማመልከቻው በመስታወትና በወፍራም ጣውላ ተከቦ፣ ዙሪያውን በየአገሩ እጅ፣ በየቀለሙ «ለሚመለከተው ክፍል ይመራ» ተብሎበት ተመለሰ። የሙሉ አባልነት ክብር ነው። አቶ መኩሪያ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ጭብጨባው ሳያልቅ በሩ ተከፈተ፤ ወይዘሮ ዓለሚቱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ገቡ። ቀና ብለው አዩ። ቀረብ ብለው አነበቡ።

«ይሄ የኔ ማመልከቻ አይደለም እንዴ?»

ጸደንያ መሬት መሬት አየች።

«ከፍ ያለ ቦታ ያልከኝ ይሄን ነው?» አንቱታው ቀረ። «ይሄ ሁሉ ሰው አይቶት ሁሉም ይመራ ይመራ! አንድ እንኳ ይጠገን የሚል ጠፋ?»

«ኧረ ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ ቀስ ይበሉ፣ መስታወት ነው…»

ወንበር ስበው ወጡና አወረዱት። «ወዴት ነው?» ቢሏቸው «ወደሚመለከተው ነዋ!» አሉና በነጠላቸው ሸፍነው ይዘው ወጡ። ማን ይከልክል? ማመልከቻው የአመልካቹ ነው።

አቶ መኩሪያ ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላዩም። በማግሥቱ ከሰዓት ላፍቶ ወረዱ፤ አሥራ አምስት ዓመት የሰው ጣሪያ ሲመሩ ኖረው አንዱን በዓይናቸው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ የስፌት መኪናውን በላስቲክ ጠቅልለው ጥግ አስጠግተውታል። ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። አቶ መኩሪያ አንጋጠው አዩ። በተበሳው ቆርቆሮ ላይ፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ፣ ጀርባው ላይ ድንጋይ ተጭኖበት፣ የአባልነት ክብራቸው ተጋድሟል። «ይመራ» የምትለው ቁልቁል ታያቸዋለች።

«ከፍ ያለ ቦታ ነው» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ።

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ወረደ። ከመስታወቱ ጠርዝ ጠብታ መጣ፤ ሰማያዊ ነበር።

«ያውርዱልኝ! እባክዎ፣ ቀለሙ እያለቀሰ ነው!»

«ይጠገን ብለህ ጻፍና ይወርድልሃል።»

አቶ መኩሪያ ብዕራቸውን መዘዙ። የቀሚስ ልክ የተቆረጠበት ወረቀት ላይ «ይ» ብለው ሲጀምሩ አንዲት ጠብታ ወደቀችባትና ወደ ኩሬ ለወጠቻት። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ፈሰሰ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ከመሳቢያው ውስጥ ጫፉ የተነከሰ ሰማያዊ ቢክ አወጡና አቀበሏቸው።

አቶ መኩሪያ ቢኩን እንደ ሕፃን ጨብጠው «ነገውኑ ይጠገን» ብለው ጻፉ። ፊደሉ ተጣሞ፣ መስመሩ ተንጋዶ፣ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሚያፍርበት ጽሕፈት ሆነ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ብርሃን ላይ ይዘው ሁለት ጊዜ አነበቡትና አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

በማግሥቱ አናጢው መጥቶ ቆርቆሮውን ቀየረ፤ ከመውረዱ በፊት በጣውላ የተከበበውን ማመልከቻ ከሥር ለቆሙት ለአቶ መኩሪያ አቀበላቸው። አቶ መኩሪያ መስታወቱን በክንዳቸው ጠረጉ። የሆላንዱ፣ የካናዳው፣ የአርጀንቲናው፣ የራሳቸውም ጭምር ታጥቦ አንድ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። ከእድፉ መካከል አንዲት ፊደል ሳትጎድል የቆመው የወይዘሮ ዓለሚቱ የቢክ ጽሕፈት ብቻ ነበር፦ «ክረምት ሳይገባ ጣሪያዬ እንዲጠገንልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

አቶ መኩሪያ ማመልከቻውን ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት ያን ጊዜ ነው።